ፌት፦ ስበትን በተማሪው እጅ የሚያስገባ መማሪያ

በአሜሪካ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር የሚዘጋጀው ፌት፣ ፊዚክስንና ሥነ ፈለክን በኮምፒውተር ምስለ ሙከራ የሚያስተምር ነጻ አገልግሎት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት ፕሮፌሰር ካርል ዊማን፣ ሩቢዲየም የተባለውን ብረት አቶሞች ለፍጹም ዜሮ (ከእርሱ በታች መቀዝቀዝ ለማይቻልበት የሙቀት ወለል) እጅግ በተጠጋ ቅዝቃዜ ባጠኑበት ምርምር፣ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ከሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የተጋሩ ናቸው። እንዲህ ያለ ተመራማሪ ማስተማርንም እንደ ምርምር ቆጥሮ መያዙ ትልቅ አክብሮት ይገባዋል።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ስለ ስበትና ምሕዋር የተዘጋጀውን ምስለ ሙከራ ነው። ተማሪው የፀሐይን መጠነ ቁስ ሲጨምር የምድር ምሕዋር ሲለወጥ ያያል፤ ስበቱን ጨርሶ ሲያጠፋው ደግሞ ምድር ከፀሐይ ተገፍታ እንደምትሸሽ ቢጠብቅም፣ በዚያች ቅጽበት በነበራት አቅጣጫ ቀጥ ብላ ስትጓዝ ይመለከታል፤ በቃል ሲነገረው ያልተዋጠለትን በዐይኑ ሲያይ ምክንያቱን ራሱ መጠየቅ ይጀምራል። በመጀመሪያው ገጽ የአካላቱ መጠን ለዕይታ ሲባል መጋነኑን ግን መምህሩ አስቀድሞ ሊያስረዳ ይገባል፤ እውነተኛው ምጥጥን በሁለተኛው ገጽ አለ።

በሁለት አካላት መካከል ያለውን የስበት ኃይል የሚያሳየው ምስለ ሙከራ የኃይሉን ለውጥ በድምፅ ያሰማል፤ በቁልፍ ሰሌዳ ብቻ ይሠራል፤ ለዐይነ ስውር ተማሪም በማያ ገጽ አንባቢ የሚነበብ መግለጫ አለው። ይህ በሁሉም ምስለ ሙከራዎች አልተሟላም፤ ቢሟላ እጅግ ደስ ይለኛል። አዳዲሶቹ ወርደው ያለ ኢንተርኔት መሥራታቸው ኔትወርክ ለማይደርሰው ትምህርት ቤት ትልቅ እፎይታ ነው።