ድንጋይ ለበላው ካያክ ምን ይገዛ? ቴፕ፣ ኤፖክሲ ወይስ ብየዳ

ጣና ሲጎድል ድንጋዩ ይወጣል። በጥቅምት ተንሳፍፈን ባለፍንበት ቦታ በግንቦት የካያኩ (በመቅዘፊያ የሚሄደው ጠባብ ጀልባ) ሆድ ሲፋቅ ይሰማል። ሐይቁን ራሱን የገደበው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነውና ባሕር ዳር ዙሪያ ጥቁሩ ድንጋይ የትም አለ። ሻካራ ነው፣ ፕላስቲክ ይበላል። «ምን ልግዛለት?» ለምትሉ፣ ሦስቱንም በራሴ ካያክ ላይ ስለሞከርኩ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን ጉዳቱን እዩት። ጭረት ብቻ ከሆነ ምንም አትግዙ። እንደ ፀጉር የቆመውን በምላጭ ላጩት፣ በቃ። ማታ የስልካችሁን መብራት ከውስጥ አብሩና ከውጭ ተመልከቱ፤ ካያኩ ቀለሙ ፈካ ያለ ከሆነ የሳሳው ቦታ ደምቆ ይታያል። በአውራ ጣት ስትጫኑት ከሌላው ቦታ ይልቅ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ያኔ ነው ገንዘብ ማውጣት። ብዙ ጊዜ የሚሳሳው የኋላው ጫፍ ነው፣ ምክንያቱም ሁላችንም አፍንጫውን ይዘን ዳር ላይ እንጎትተዋለን።

የሚለጠፈው መከላከያ ቴፕ ያጓጓል። ልጦ መለጠፍ ነው፣ ሙያ አይጠይቅም። ለፋይበርግላስ ወይም ለአሉሚኒየም ጀልባ ጥሩ ነው። አብዛኛው የፕላስቲክ ካያክ ግን ፖሊኢትሊን ከሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ነው፣ ፖሊኢትሊን ደግሞ ማጣበቂያ አይቀበልም። የተቀደደ ጀሪካን በማስቲሽ ለማጣበቅ የሞከረ ሰው ይህን ያውቃል። የእኔው ቴፕ ወር ሳይሞላው ጠርዙ ተነሳ፣ ድንጋዩ ያንን ጠርዝ እየያዘ ሙሉውን ላጠው። ዕቃው ላይ ለፖሊኢትሊን ይሆናል የሚል ካልተጻፈ ይቅርባችሁ። ለጣሪያ የሚሆነው የሬንጅ ቴፕ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ወደ ዘጌ ስትሄዱ አንድ ጥቅል ያዙ፣ መንገድ ላይ ቢሰነጠቅ ሆዱን አድርቃችሁ ለጥፉትና ቤት ያደርሳችኋል። ከዚያ በላይ አትጠብቁበት።

ኤፖክሲ (ሁለቱ ክፍል ተቀላቅሎ የሚደርቅ ማጣበቂያ) ከቴፕ ይሻላል፣ ግን ዝግጅቱን ካልዘለላችሁ ብቻ። ተራው ኤፖክሲ ሲደርቅ ድርቅ ይላል፣ ካያኩ ሲተጣጠፍ እሱ ይነቀላል። የሚለመጠውን ዓይነት ፈልጉ። ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ አልኮሉ ፈጽሞ ሲደርቅ የጋዝ ነበልባል ሳታቆዩ እለፍ እለፍ አድርጉበት። እሳቱ የፕላስቲኩን ገጽ ለውጦ እንዲይዝ ያደርገዋል። መሳካቱን በውሃ ታውቃላችሁ፦ ውሃው ጠብታ ጠብታ ሆኖ ከቆመ ገና ነው፣ ተዘርግቶ ካረጠበው ይበቃል፤ አድርቁና ሳትውሉ ሳታድሩ ቀቡት። እኔ መጀመሪያ እሳቱን ዘልዬ ነበር፣ ድካሜ ሁሉ እንደ ቅርፊት ተነስቶ ወደቀ።

ለእኔ ግን ያሸነፈው ብየዳ ነው። ፕላስቲክን በራሱ ፕላስቲክ ማቅለጥ ማለት ነው፣ ሙጫ የለውም፣ የሚላጥም የለም። ቁም ነገሩ የምትሞሉበት ፕላስቲክ ነው። የውሃ ሮቶ የሚሠራው ልክ እንደ አብዛኛው ካያክ ነው፤ የፖሊኢትሊን ዱቄት በሚሽከረከር ቅርጽ ውስጥ ቀልጦ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ከተሰበረ ሮቶ የተቆረጠ ቀጭን ዘንግ ከካያኩ ጋር ደህና ይዋሃዳል። ጀሪካን ፖሊኢትሊን ቢሆንም ጠንከር ያለው ዓይነት ነው፣ እንደ ሮቶው አይዋሃድም። የፕላስቲክ ወንበር ግን ብዙውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ስለሆነ በፍጹም አትጠቀሙ፣ የያዘ ይመስላል፣ ከዚያ ይለያል። የምትሞሉበት ቁራጭ ውሃ ላይ ከሰጠመ ጭራሽ ፖሊኢትሊን አይደለም፤ መንሳፈፉ ብቻውን ግን አይበቃም፣ የወንበሩም ይንሳፈፋል።

ስንጥቅ ከሆነ ሁለቱን ጫፎች በቀጭኑ ብሱ፣ እንዳይቀጥል። ከዚያ ዘንጉንም ሆዱንም እኩል አሙቁ። የታችኛው ሳይቀልጥ የላይኛውን ብቻ ካፈሰሳችሁበት አይይዝም፣ ቀለሙ ቡናማ ከሆነና ከጨሰ ደግሞ አቃጥላችሁታል። ሮቶ የሚበይድ ሰው ካገኛችሁ ለእሱ መስጠት ይሻላል፣ መጀመሪያ ግን በቁራጭ ላይ ሠርቶ ያሳያችሁ። አንድ ልብ የምትሉት ነገር፦ አንዳንድ የድሮ ካያኮች ከተሠሩ በኋላ ዳግም የማይቀልጥ ፖሊኢትሊን ናቸው። ሲሞቅ ከመቅለጥ ይልቅ እንደ ጎማ ከሆነ ብየዳውን ተዉትና ወደ ኤፖክሲው ሂዱ።

መከላከሉስ? እዚህ ላይ ብዙ አታውጡ። አሮጌ ካላማዳሪያ ቆርጦ ከኋላው ጫፍ ስር ማሰርና መጎተት በጣም ርካሽ ነው፣ ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ደግሞ ብቻችሁን ለምትወጡ ዋጋውን ያወጣል። በብሎን የሚቀየር የኋላ ጫማ ያለው ካያክ ካገኛችሁ ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን እሱን ውሰዱ፤ ሲያልቅ ጫማው ይቀየራል እንጂ ሆዱ አይነካም።

ያገለገለ ካያክ የምትገዙ ከሆነ ሻጩ ፊት ገልብጡትና የኋላውን ጫፍ ተጫኑ። ጭረቱ አያስፈራችሁ። ፀሐይ ላይ የከረመ፣ ቀለሙ የነጣና ስትነኩት ዱቄት የሚያወጣ ከሆነ ግን ተዉት፣ እንዲህ ያለ ፕላስቲክ ይሰባበራል፣ ብየዳም አይዝለትም።