ባሕር ዳር ላይ ፍላሽ ከነፊልሙ ለምትገዙ፦ ሳይከፈት እንዳትከፍሉ

«አዳዲስ አስፈሪ ፊልሞችና ሙሉ ኮሜዲ፣ 64 ጊጋ ፍላሽ ከነፊልሙ 800 ብር» የሚል ማስታወቂያ ከተማችን ውስጥ ካያችሁ፣ ፍላሹ ዓይናችሁ እያየ ሳይከፈት ገንዘብ እንዳታወጡ። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ዘዴውን ማወቁ ይበልጣል። በተለይ ገንዘብ አዋጥታችሁ አንድ ፍላሽ ከዶርም ዶርም የምታዞሩ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳና የፖሊ ግቢ ተማሪዎች ልብ በሉ።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ በከረመበት ከተማ ፊልም ማስጫን ልማድ ሆኖ መቅረቱ አይገርምም። ሻጮቹም ይህን ያውቃሉ።

እኔ የፈለግሁት በ2024 (በዚህ ጽሑፍ የፊልሞቹ ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆች ነው) የወጣውን የሮበርት ኤገርስን «ኖስፌራቱ» ነበር። ፋይሉ ላይ ስሙም ዓመቱም በትክክል ተጽፏል። ስከፍተው ግን ጥቁርና ነጭ፣ ድምፅ አልባ ፊልም ወጣ፤ ጀርመናዊው ሙርናው በ1922 የሠራው! ግሩም ፊልም ነው፣ አልክድም፤ ነገር ግን ማንም ሰው ከኢንተርኔት በነፃ የሚያገኘው ነው። «ከ28 ዓመታት በኋላ» ተብሎ የተጫነው ደግሞ በ2002 የወጣው «ከ28 ቀናት በኋላ» ሆኖ ተገኘ። ሁለቱንም ያዘጋጀው ዳኒ ቦይል ነው፤ ቀናቱን ወደ ዓመታት የለወጠው ግን የእኛው ሻጭ ነው።

የሪያን ኩግለር «ሲነርስ» ትክክለኛው የ2025 ፊልም ነው፤ ነገር ግን ከሲኒማ አዳራሽ ወንበር ላይ በስውር ካሜራ የተቀዳ። የአንድ ተመልካች ጭንቅላት የምስሉን ግራ ጥግ ይዞ እስከ መጨረሻው አልተነሣም። ማይክል ቢ. ጆርዳን መንትያ ወንድማማቾችን ሆኖ ይጫወታል፤ አንዱ ሰማያዊ፣ ሌላው ቀይ መለያው ነው። በዚህ ቅጂ ላይ ሁለቱም ቡናማ ናቸው። ማን ሞተ ማን ተረፈ ብላችሁ ብትጨቃጨቁ አይፈረድባችሁም። በትልቁ የ65 ሚሊ ሜትር ፊልም ተቀርጾ፣ በብሉዝ ሙዚቃ የቆመ ሥራ እንዲህ ሲዋረድ ማየት ያበሳጫል።

የድርጊት ፊልም መጥፎ ቅጂን በመጠኑም ቢሆን ይችላል፤ ፍንዳታው ፍንዳታ ነው። አስፈሪ ፊልም ግን የሚኖረው በጨለማውና በዝምታው ነው። ፋይሉ ከልክ በላይ ሲታመቅ ጨለማው ወደ ግራጫ አራት ማዕዘኖች ይሰባበራል፤ ከበሩ ኋላ ያለው ጥላም ይሁን ልብስ አይለይም። በዚህ ላይ በአማርኛ የሚተርከው ሰው ዝም ማለትን አያውቅበትም፤ ልጅቷ ገና ወደ ምድር ቤቱ ሳትወርድ «አሁን ከኋላዋ ይይዛታል» ብሎ ያረዳናል።

ኮሜዲም ከዚህ አይሻልም። «ሙሉ» የተባለው የአሜሪካው «ዘ ኦፊስ» 9 ምዕራፍና 201 ክፍል ያለው ነው። የመጀመሪያው ማህደር ውስጥ ያሉት 6 ክፍሎች ግን የ2001ዱ የእንግሊዝ ሥሪት ናቸው። የሁለቱም የመጀመሪያ ምዕራፍ 6 ክፍል ስለሆነ ቆጥራችሁ አትደርሱበትም። ከዚያ ወዲያ ያሉት ማህደሮች ያንኑ ይደጋግማሉ። ድምፁም ከምስሉ ወደ ኋላ ቀርቷል። የዚህ ተከታታይ ቀልድ ያለው አለቃው የማይረባ ነገር ተናግሮ ሠራተኞቹ ዝም ብለው ወደ ካሜራው ሲያዩ ነው፤ ፊታቸው ቀድሞ ንግግሩ ሲከተል ማን ይስቃል?

የከፋው ግን ፍላሹ ራሱ ነው። ላዩ ላይ 64 ተጽፎበት ውስጡ 8 ጊጋ ብቻ የሆነ ፍላሽ አለ፤ ለኮምፒውተሩ እንዲዋሽ ተደርጎ የተሠራ ነው። የፋይሎቹ ስምና መጠን ይታያል፤ ከትክክለኛው አቅም በላይ የተጫነው ግን አይከፈትም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ፊልም አይታችሁ አትመኑ፤ መጨረሻ ላይ የተጫነውን አስከፍቱ፣ ወደ መሃሉ አሳልፉት፣ ጨለማ ትዕይንት ፈልጉ፣ የሰዎቹን ከንፈር ከድምፁ ጋር አስተያዩ። የፊልም ስም ይዞ መጨረሻው «ኢኤክስኢ» (.exe) የሆነ ፋይል ካያችሁ ቫይረስ ሊሆን ይችላልና ፈጽሞ አትንኩት። ለፍላሹም ደረሰኝ ጠይቁ። እኔ ደረሰኝ የሚባል ነገር አልተሰጠኝም።

ገንዘቤን እንዲመልስ ስጠይቀው ሻጩ በፈገግታ «ችግር የለም፣ ሌላ ፊልም እጭንልሃለሁ» አለኝ፤ በዚያው ፍላሽ ላይ።