አንጋፋ አዝማሪ በሆቴል አዳራሽ፦ ማሲንቆው ደረሰ፣ ግጥሙ መንገድ ላይ ቀረ

የአዝማሪ ቤቶች የነበሩበት የካዛንቺስ ሰፈር በ2017 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ አዝማሪ ፊት ለፊት ተቀምጦ ማዳመጫ ቦታ ጠቧል። ስለዚህ አንድ አንጋፋ አዝማሪ ከነማሲንቋቸው በሆቴል አዳራሽ ይጫወታሉ ሲባል ትኬቱ ቶሎ ማለቁ አይገርምም። የሚያሰጋው ሌላ ነው፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግቶ የሚደመጥ ጨዋታ በመቶዎች ፊት ምን ይሆናል?

ከመልካሙ እንጀምር። የሰውየው እጅ አልደከመም። የማሲንቆ ክር አንድ ነው፣ እሱም የፈረስ ጭራ፤ ጣት ክሩን እንጨት ላይ አይጫነውም፣ ነካ እያደረገ ያልፋል እንጂ። ድምፁ ከሰው ጉሮሮ ጋር እኩል የሚንሸራተተው ለዚህ ነው። ምሽቱን በአምባሰል ቅኝት ከፈቱት፣ ያለ ከበሮ፣ ረጋ ብለው። ክሩን ከድሮው ትንሽ አላልተውታል፤ ዕድሜ ድምፅን ዝቅ ስለሚያደርግ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ሲደርሱ አፋቸውን ዘግተው ለደጋኑ፣ ክሩን ለሚፈትገው ቀስት፣ ይሰጡታል፤ ጉሮሮ ያልደረሰበትን ጭራው ይጨርሰዋል። ይህን ወጣት አዝማሪ ሁሉ ቀርቦ ሊያየው ይገባል።

ከሦስት ዘፈን በኋላ ቆም ብለው ደጋኑን እጣን ቀቡት። ከኋላ ያጉረመረሙ ነበሩ፣ ግን ጭራው ካልተቀባ ይሸሻል፣ ድምፅ አይወጣውም። ጥበቃው የሥራው አካል ነው።

ችግሩ አብሯቸው የሚጫወተው ኪቦርድ ነው። አንቺሆዬ ቅኝት ላይ የኪቦርዱ ድምፅ በተሠራበት ተቸክሎ ይቀራል፣ ማሲንቆው ግን በመካከል ያሉትን ድምፆች ይፈልጋል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሄዱ ጆሮ ይቆረቁራል። ባህላዊ መሣሪያን መድረክ ላይ ማሰባሰብ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ማሲንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትንና ከበሮን አንድ ላይ አሰልፏል፣ ኪቦርድ ሳያስፈልገው። ክራሩም ቢሆን ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ ሲሻገር ክሮቹ እንደገና መቃኘት አለባቸው፤ ተጫዋቹ ይህን ማይኩ ክፍት ሆኖ ሲያደርገው አዳራሹ ሁሉ ሰማ። ሁለት ክራር ቀድሞ ቃኝቶ ማስቀመጥ ይበቃ ነበር።

ድምፅ ሠራተኛው በመጀመሪያው ክፍል ማይኩን የማሲንቆው ቆዳ ላይ ሊለጥፈው ምንም አልቀረው። እንዲያ ሲሆን ከዜማው ይልቅ የደጋኑ ፍተጋ ይሰማል። ቆዳው ራሱ ድምፅ ስለሚቀበል መድረኩ ላይ ያለው ስፒከር ወደሱ ከዞረ ደግሞ ፉጨት ይመጣል፣ መጣም። ከእረፍት በኋላ ማይኩ አንድ ስንዝር ያህል ራቀ፣ ስፒከሩም ዞረ፤ ያኔ ነው ማሲንቆ የሰማነው።

ትልቁ ቅሬታ ግን ግጥሙ ላይ ነው። የአዝማሪ ጨዋታ ግማሹ የአድማጩ ነው፤ አንዱ «ተቀበል!» ይላል፣ ግጥሙን ይወረውራል፣ አዝማሪው ስንኝ በስንኝ አዚሞ ይመልስለታል። ከፊት ጠረጴዛ አንዱ እንዲህ አለ፦

«ልሻገረው ብዬ ብመጣ ከማዶ፣
አባይ ሆኖ ቀረ ልቤን አለማምዶ።»

ሰሙ ወንዙ ነው፣ ወርቁ ውሸታም ወዳጅ። አዝማሪው ፈገግ ብለው ተቀበሉት፣ «አባይ» ላይ ሲደርሱም ቀስ ብለው ደገሟት። ፊት ያለው ሳቀ። ከአሥረኛው ረድፍ ወዲያ ግን አድማጩ ምን እንዳለ አልተሰማም፣ የአዝማሪው መልስም በኢኮ ተውጦ ሄደ። ኢኮ ለዘመናዊ ባንድ ያምር ይሆናል፤ ቅኔ ላይ ሲጨመር ግን ቃሉ ከቃሉ ላይ ይደረባል፣ ወርቁ እዚያው ይቀበራል። መፍትሔው ውድ አይደለም፦ ኢኮውን መቀነስና በጠረጴዛዎች መካከል የሚዞር አንድ ገመድ አልባ ማይክ።

ለሚቀጥለው ዙር ለምትሄዱ፦ ትኬቱ 12 ሰዓት ይላል፣ ማሲንቆው የተነሳው 2 ሰዓት ሊሞላ ሲል ነው፤ እራት በልታችሁ ሂዱ። ከፊት እስከ አምስተኛው ረድፍ ካልተገኘ ባትቸኩሉ ይሻላል፣ ከኋላ የሚደርሰው ከበሮ ብቻ ነው። ለሽልማት ዝርዝር ብር ያዙ፤ ግንባራቸው ላይ ለመለጠፍ ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠብቁ እንጂ መሐል ላይ አትውጡ። በመጨረሻዎቹ የእስክስታ ዘፈኖች ስልክ ይዞ መድረክ የወጣው ብዛት አዛውንቱን ከማይካቸው ገፍቷቸው ነበር፣ ሁለት ስንኝም ያለ ድምፅ አለፈ።

ለሰውየው ከ10 ዘጠኝ፤ ለአዘጋጁ አምስት፣ እሱም ስፒከሩ ስለዞረ።