ለ338 ዊን ማግ የትኛው አረር? ኖዝለር ፓርቲሽንና ባርንስ፣ ሦስት ሲዝን ተኩሼ ካየሁ በኋላ

በዚህ ሰመር እዚ ዴንቨር አካባቢ ካሉ የሀገር ልጆች ሦስቱ ስለ አንድ ነገር ደወሉልኝ። 338 የሚባለውን ጠመንጃ ገዝተዋል፣ ጥቅምት ላይ ኤልክ፣ ያ ትልቁን የአሜሪካ አጋዘን ማለቴ ነው፣ ለማደን ሊወጡ ነው፣ ምን አረር እንጫንበት ነው ጥያቄው። በስልክ ተናግሬ ስለማልጨርሰው ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። የማወራው በራሴ እጅ እየሞላሁ ሦስት ሲዝን ስለተኮስኳቸው ሁለት አረሮች ነው፦ ኖዝለር ፓርቲሽን 225 ግሬንና ባርንስ ቲቲኤስኤክስ 210 ግሬን (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው)። ቶሎ መልስ የምትፈልጉ ፓርቲሽኑን ግዙ፣ ካሊፎርኒያ የምታድኑ ወይም ስጋውን ለትንንሽ ልጆች የምታበሉ ከሆነ ደግሞ ባርንሱን። ምክንያቱን ግን አንብቡት፣ ነገሩ የብር ብቻ አይደለም፣ የእንስሳው ስቃይ አለበት።

መጀመሪያ በቃል እንግባባ። አገር ቤት ጥይት ስንል ሙሉውን ነው፣ እዚ ግን ለየብቻ ነው የሚገዛው፣ ቀለሁ፣ ፕራይመሩ (ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው)፣ ባሩዱ፣ ከአፈሙዝ የሚወጣው አረሩ። ከፕራይመር በቀር ለሁሉም የራሳችን ቃል አለን፣ እሱ ሁሌም ደስ ይለኛል። አያቴ ውጅግራ ነበረው፣ ያ የፈረንሳዮቹ የ1874 ፉዚ ግራ ማለት ነው፣ ስሙን የኛ ሰዎች እንደዛ አድርገው ነው የራሳቸው ያደረጉት፣ እና የተተኮሰ ቀለህ መሬት ላይ ትቶ ሲሄድ አይቼው አላውቅም። እኔም ዛሬ ጋራዥ ውስጥ ቀለህ ስጠርግ እሱ ትዝ ይለኛል።

338 ዊንቸስተር ማግነም በ1958 የወጣ ነው፣ 375 ኤች ኤንድ ኤች የሚባለውን ትልቅ ጥይት ቀለህ አሳጥረው አንገቱን አጥብበው ነው የሰሩት። አረሩ 8.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፣ በ30 ካሊበሮቹና በአፍሪካው 375 መሀል ማለት ነው። ኮሎራዶ ለኤልክ የሚጠይቀው ቢያንስ 24 ካሊበር (የአረሩ ውፍረት ነው)፣ 85 ግሬን የሚመዝን የሚከፈት አረርና 100 ያርድ ላይ 1,000 ፉት ፓውንድ ጉልበት ስለሆነ በህጉ በኩል 338 ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ ጉልበት ስላለው ሰው በአረሩ ይዘናጋል። እኔም ተዘናግቼ ነበር።

የመጀመሪያ ሲዝኔ ላይ የገዛሁት አረር ርካሽ ነበር፣ የማንን እንደሆነ መናገር አልፈልግም፣ ምርጫው የኔ ስለነበር ጥፋቱም የኔ ነው። ለትንንሽ አጋዘን የሚሆን ለስላሳ አረር ነው። ወረቀት ኢላማ ላይ ሦስቱንም ተኩስ አንድ ቦታ ነበር የሚያስቀምጥልኝ። ከዛ አንዲት ሴት ኤልክ 60 ያርድ ላይ ወጣችልኝ፣ ትከሻዋን መታኋት፣ ወደቀች፣ ተነሳች፣ ጥዱ ውስጥ ገባች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ደሟን ተከትለን ነው ያገኘናት፣ በሁለተኛ ጥይት ነው የጨረስኩት። ቆዳዋን ስንገፍ አረሩ የትከሻ አጥንቷ ላይ ተበታትኖ የእርሳስ ፍርፋሪ ሆኗል፣ ሳንባዋ ጋ የደረሰው ቁራጭ ነው። ያን ማታ ድንኳን ውስጥ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ብዙ ሰው ቅርብ ከሆነ ይቀላል ብሎ ነው የሚያስበው፣ አረሩ ግን ከፍተኛ ፍጥነት ያለው ከአፈሙዝ እንደወጣ ስለሆነ ለስላሳ ከሆነ ይበልጥ የሚፈረካከሰው ቅርብ ላይ ነው። ከዛ ወዲህ አረር የምመርጠው እንስሳው ጎኑን ሰጥቶኝ ቆሞ በማየው ተኩስ አይደለም፣ ትከሻውን ወደኔ አዙሮ አጥንት መሀል ላይ በሚገኝበት በመጥፎው ተኩስ ነው።

ፓርቲሽኑ የተወለደውም በእንደዚህ አይነት ንዴት ነው። ጆን ኖዝለር በ1946 ካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሙስ (ከኤልክም የሚበልጥ አጋዘን) ሲያድን በ300 ኤች ኤንድ ኤች ደጋግሞ ቢመታውም አረሮቹ ጭቃ በደረቀበት ቆዳና በትከሻው ላይ እየተሰበሩ ወደ ውስጥ አልገቡም። ቤቱ ተመልሶ ከመዳብ አሞሌ መሀሉ ላይ ግድግዳ ያለው አረር ሰራ፣ በ1948 ደግሞ ለሽያጭ አቀረበው። እኔ አንዱን በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቄ አይቼዋለሁ፣ ቀላል ነገር ነው፣ ግን የሚገርም ነው። ከፊት እርሳስ፣ መሀል የመዳብ ግድግዳ፣ ከኋላ ሌላ እርሳስ። የፊተኛው ክፍል ሲመታ ይከፈታል፣ ቢበታተንም ይበታተን፣ የኋለኛው ግን ግድግዳው ስለያዘው እየቦረቦረ ይቀጥላል።

ባለፈው ዓመት ፍላት ቶፕስ የሚባለው የኮሎራዶ ተራራ ላይ፣ እንጦጦን በሚያህል ከፍታ፣ ትንፋሽ እያጠረኝ አንድ ወንድ ኤልክ 180 ያርድ ላይ አገኘሁ፣ ትከሻው ግማሽ ወደኔ ዞሯል። ሌላ ጊዜ ብሆን እተወው ነበር። ተኮስኩ፣ 20 እርምጃ ያህል ተራምዶ ወደቀ። አረሩን በወዲያኛው ጎን የመጨረሻው የጎድን አጥንት ጋ ቆዳው ስር አገኘሁት፣ በጣት ሲነካ እንደ እብጠት ጠጠር ይላል፣ በቢላ ጫፍ ስከፍተው ወጣ። ፊቱ እንደ እንጉዳይ ተገልብጧል፣ ጭራው ምንም አልሆነም። ቤት አጥቤ ስመዝነው ከ225 ግሬኑ 156 ቀርቶታል። ከክብደቱ ሲሶው ጠፋ ብላችሁ አትቀየሙ፣ የጠፋው ከፊተኛው ክፍል ነው፣ እንዲጠፋም ነው የተሰራው፣ ሳንባውን ያፈረሰው እሱ ነው።

ባርንስ ሌላ ሀሳብ ነው። እርሳስ የለውም፣ ሙሉው መዳብ ነው፣ አፍንጫው ላይ ቀዳዳና ሰማያዊ ፕላስቲክ ጫፍ አለው፣ ሲመታ አራት ቅጠል ሆኖ ይከፈታልና ክብደቱ ብዙም አይቀንስም። የመጀመሪያው ኤክስ አረር በ1989 ነው የወጣው፣ እሱ በርሜል ውስጥ መዳብ ይለጥፋል ተብሎ ብዙ ተወቅሷል፣ በ2003 የመጣው ቲኤስኤክስ (የኔው ቲቲኤስኤክስ እሱ ላይ የፕላስቲክ ጫፍ የተጨመረበት ነው) ወገቡ ላይ ቦይ ቦይ ስለተሰራለት ያ ችግር በጣም ቀንሷል። በኔ ጠመንጃ ወረቀት ላይ ከፓርቲሽኑ ይበልጣል፣ 100 ያርድ ላይ ሦስት ተኩስ አንድ ኢንች አካባቢ ውስጥ ያስገባል፣ ፓርቲሽኑ ኢንች ተኩል ነው። ለኤልክ ሁለቱም ከበቂ በላይ ነው፣ የኤልክ ሳንባ ትሪ ያህላል።

መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል ተመሳሳይ ክብደት ያለው የመዳብ አረር ይረዝማል። ለዚህ ነው 225 ትቼ 210 የወሰድኩት። ቅጠሎቹ እንዲከፈቱ ፍጥነት ይፈልጋል፣ ስለዚ ቀለል አድርጎ ፈጠን ማድረግ ይሻላል። እና ይሄን እባካችሁ ልብ በሉት፣ ለእርሳስ አረር የተጻፈ የባሩድ ልክ ለመዳብ አረር አይሰራም፣ ረጅሙ አረር ቀለሁ ውስጥ የባሩዱን ቦታ ይወስዳል፣ ግፊቱም ይለያል። ለያንዳንዱ አረር የራሱን ማኑዋል ክፈቱ፣ ከታችኛው ልክ ጀምሩ፣ ጓደኛ በቴክስት የላከላችሁን ቁጥር አትሙሉ፣ የኔንም ቢሆን፣ ለዛ ነው እዚህ ላይ የባሩድ መጠን ያልጻፍኩት። ቦልቱ፣ የጠመንጃው መዝጊያ፣ ለመክፈት ከከበደ ወይም ፕራይመሩ ከተዳመጠ አቁሙ። ጠረጴዛ ላይ ደግሞ አንድ የባሩድ ቆርቆሮ ብቻ ይቀመጥ።

አሞላሉ ላይ 338ን ከሌላው የሚለየው ቀለሁ ታች ላይ ዙሪያውን ያለው ቀበቶ የመሰለ ወፍራም ቀለበት ነው። ብዙ ጀማሪ ዳዩን (የተተኮሰ ቀለህ ወደ ልኩ የሚመልሰውን መሣሪያ) እስከ ታች ጠምዝዞ ቀለሁን ሙሉ በሙሉ ይመልሰዋል፣ ከዛ ሲተኮስ ቀለሁ ከቀበቶው ትንሽ ከፍ ብሎ ይለጠጣል፣ በየተኩሱ እየሳሳ ይሄዳል፣ አንድ ቀን ይበጠሳል። እኔ ዳዩን የማስተካክለው የቀለሁ ትከሻ፣ ከአንገቱ ስር የሚሰፋው ቦታ፣ በጣም ትንሽ ብቻ ወደ ኋላ እንዲመለስ ነው፣ ቦልቱ ያለ ጭንቅ እስኪዘጋ ድረስ። ከመሙላቴ በፊት የወረቀት ክሊፕ ዘርግቼ ጫፉን ትንሽ አጥፌ ቀለሁ ውስጥ አስገባና ከቀበቶው በላይ ግድግዳውን እየነካሁ ወደ ላይ እስበዋለሁ። ጥፍር ስንጥቅ ላይ ሲይዝ እንደሚሰማው አይነት ከያዘ ቀለሁ ሳስቷል፣ በፕላየር ጨፍልቄ እጥለዋለሁ። የአያቴ ልጅ ልጅ ሆኜ ቀለህ መጣል ይከብደኛል፣ ግን ይሄን ለማንም አላሳልፍም። ርዝመቱንም በካሊፐር እዩት፣ ከ2.500 ኢንች ካለፈ ይቆረጥ፣ እኔ 2.490 ላይ ነው የማቆመው። ባርንሱን በርሜሉ ውስጥ ካለው ጥርስ 0.050 ኢንች ያህል አርቄ ነው የምጀምረው፣ ፓርቲሽኑ ብዙም አይመርጥም።

ስለ እርሳስ ከተነሳ፣ ካሊፎርኒያ ከጁላይ 1 2019 ጀምሮ ለማንኛውም አደን እርሳስ ያለው አረር ከልክላለች። ኮንዶር የሚባለው ትልቁ አሞራ ሜዳ ላይ የቀረ የሆድ ዕቃ ሲበላ የአረር ፍርፋሪ እየዋጠ ስለሚመረዝ ነው። ያው እኛም ስጋ እንበላለን። በፓርቲሽን ስመታ ከቁስሉ ዙሪያ አንድ ስንዝር ቆርጬ እጥላለሁ፣ በባርንስ ስመታ የተበላሸውን ብቻ። እና የዱር ስጋ በጥሬው አይበላም፣ ጥሬ ስጋ ለምትወዱ ነው የምናገረው፣ ጥብስና ወጥ አድርጉት፣ በቂቤና በሮዝመሪ ሲጠበስ ከበሬ ይጣፍጣል።

እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልክላት ፎቶውን አይታ "አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ይበላል እንዴ?" አለችኝ። ያመሰኳል፣ ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው እማዬ አልኳት። "ባርከህ ነው ደሙን ያፈሰስከው?" አዎ አልኳት፣ በስመ አብ ብዬ ነው። "እንደዛ ከሆነ እግዜር ይባርክልህ፣ ብቻ አታንገላታው።" አታንገላታው ያለችው ቃል አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ስል ይሰማኛል።

ዋጋውን በተመለከተ ሁለቱም አንዷ አረር ከዶላር በላይ ናት፣ ለሙከራ የምትተኩሱትን ስትጨምሩ ይሰማል። እኔ የማደርገው ጠመንጃውን ለመልመድ ሰመር ሙሉ ርካሽ አረር ቀለል አድርጌ ሞልቼ መተኮስ ነው፣ 338 ስለሚራገጥ ትከሻም እረፍት ያገኛል፣ ከዛ ሴፕቴምበር ላይ ወደ አደኑ አረር ተመልሼ ኢላማውን እንደገና አስተካክላለሁ። ይሄን የመጨረሻውን ሳትዘሉት፣ ለአንዱ አረር የተስተካከለ ኢላማ (ዜሮ የሚሉት) ለሌላው አይሆንም፣ በኔ ጠመንጃ ሁለቱ 100 ያርድ ላይ ሁለት ኢንች ይራራቃሉ።

ለዘንድሮ 20 ፓርቲሽን ሞልቼ ሳጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ፣ በሁሉም ቀለህ አንገት ላይ በማርከር 225 ጽፌበታለሁ። ባርንስ የሞላሁት ለወንድሜ ነው፣ ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች አሉት።