ጉበት ሲቆረጥ፦ ክላምፕና ክር ወይስ ማሸጊያ መሣሪያ?

ሐረርም ሆነ ድሬ፣ የጉበት ካንሰር ቀዶ ጥገና የታዘዘለት ቤተሰብ ቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋ ነው።

ክላምፕ፦ ሐኪሙ የጉበቱን ሥጋ በመቆንጠጫ ይጨፈልቃል። ሥጋው ሲለቅ ደም ሥሩና የሐሞት ቱቦው ሳይበጠሱ ብቅ ይላሉ፤ በክር ይታሰራሉ። መቆንጠጫው ከጀርም ጸድቶ ደጋግሞ ያገለግላል። የሰላ እጅ ግን ይፈልጋል።

ማሸጊያ፦ እስከ 7 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ደም ሥር በሙቀትና በግፊት የሚያሽግ አለ። ጫፉ ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ በዶላር ስለሚገባ ኪስ ያራቁታል። ወፍራሙን ደም ሥር ያው ክር ወይም ክሊፕ ይይዘዋል።

ደሙስ? እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የዙሪክ (ስዊዘርላንድ) ጥናት ወደ ጉበት የሚገባውን ደም ለጊዜው ገትቶ የሚሠራውን ክላምፕ፣ ደሙ ሳይገታ ከሚሠሩ ሦስት መሣሪያዎች ጋር አወዳደረ፤ አንዱ ሌላ ዓይነት ማሸጊያ ነበር። ክላምፑ ፈጣኑም፣ ደም ቆጣቢውም፣ ርካሹም ሆነ። ሻጭ ይህን አይነግራችሁም!

ሆድ ተከፍቶ ከሆነ፣ ልምድ ያለው ሐኪም ካለ፣ ክላምፕ ይበቃል። በላፓሮስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራ እየታየ) ከሆነ ግን ማሸጊያው ቢገዛ ያዋጣል።