ለወሎ ነጋዴ፦ ጅቡቲ ወይስ አሰብ?

ደሴ ላይ ሁለት ነጋዴ ቡና ከያዘ ይህ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ ያለው መንገድ ለሁለቱም አንድ ነው። የሚለያዩት አፋርን አጋምሰው ነው።

ቅለት፦ ጅቡቲ ዛሬም ይሠራል፤ ከአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በዚያ ያልፋል። አሰብ በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር ተዘጋብን፤ በቃ።

ኃያላኑ፦ ጅቡቲ ላይ አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ጃፓንና ጣሊያን ጦር አላቸው። ቻይናም እ.ኤ.አ. በ2017 ተጨመረች። የሚፋጠጡት ሁሉ ጎረቤት ሆነዋል! አሰብ ላይ ኤምሬትስ ለየመን ጦርነት ሰፈር ሠርታ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 መንቀል ጀመረች።

ስጋት፦ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ባብ ኤል መንደብ፣ የቀይ ባሕር ደቡባዊ በር፣ ሲጠብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጅቡቲ ከደቡቡ፣ አሰብ ከሰሜኑ ነው። የየመን ታጣቂዎች ሁቲዎች ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ መርከብ ሲመቱ ከቻይና ጅቡቲ የሚመጣ ጨርቅ ጠባቡን በር አያልፍም፤ አሰብ ቢሆን ግን ማለፍ ነበረበት። ከአውሮፓ በስዊዝ ለሚመጣ ማሽን ነገሩ ይገለበጣል።

እናም ዕቃው ከእስያ ለሆነና ዘንድሮ ለሚቸኩል ጅቡቲ ነው። መለዋወጫ ከጣሊያን ለሚያስመጣ አሰብ ይሻለው ነበር፣ አፋር ውስጥ ቡሬ ላይ ያለው የኤርትራ ድንበር ከተከፈተ።