የዓሣውን ጋሼ አመስግኑልኝ

ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያላችሁ፣ የጨው ውሃ አኳሪየም ለመጀመር ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ላገናኛችሁ የምፈልገው ሰው አለ።

ልጄ 10 ዓመት ሲሞላት የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ብርቱካናማው ክላውንፊሽ። አንድ ሱቅ ሄድን። ገንዳውን፣ ጨዉን፣ ፓምፑንና ሁለት ዓሣ በአንድ ቀን ሸጡልን። «ዛሬ ማታውኑ ማስገባት ትችያለሽ» አሉኝ፤ አመንኳቸው። በ4ኛው ቀን ጠዋት ሁለቱም ሞተው አገኘናቸው። ልጄ «እማዬ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» ስትለኝ አንጀቴ ተላወሰ።

አንዲት የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ናት የእሳቸውን ስልክ የሰጠችኝ። ጡረታ ከወጡ በኋላ በየቤቱ እየዞሩ አኳሪየም የሚተክሉና የሚንከባከቡ አባት ናቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ አልጽፈውም። ልጄ «የዓሣው ጋሼ» ነው የምትላቸው።

ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ስለ ዓሣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ከቦርሳቸው ውሃ ልክ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ወደ ግራ አዘንብሏል። ገንዳችን 40 ጋሎን ነው፤ ሲሞላ ውሃው ብቻውን ከ150 ኪሎ በላይ ይመዝናል። መጀመሪያ እሱን አስተካከሉ። ቀጥለው በትንሽ ብልቃጥ 5 ሚሊ ሊትር ውሃ ቀዱና ልጄን ጠሯት። «ነይ፣ ጠብታውን ቁጠሪልኝ።» ከአንዱ የመመርመሪያ ጠርሙስ 8፣ ከሌላው 8። 5 ደቂቃ ጠበቅን። ቢጫ መሆን የነበረበት ውሃ ደማቅ አረንጓዴ ሆነ። «አየሽ የኔ ልጅ፣ የገደላቸው አሞኒያ ነው። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።» ልጄ በረጅሙ ስትተነፍስ ሰማኋት። እኔ ለዚያች አንዲት ቃል ብቻ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

የዓሣ ቆሻሻና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ በጣም ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ናቸው። አዲስ ገንዳ ውስጥ እነሱ ገና አልተባዙም። በዚያ ላይ የባሕር ውሃ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ8 በላይ ስለሆነ የአሞኒያው መርዝነት ይብሳል። ይህን ሁሉ ካስረዱኝ በኋላ «ልጄ፣ ሊጥ ሳይቦካ ይጋገራል እንዴ?» አሉኝ። ያኔ ገባኝ።

ውሃውን እንደ አዲስ ነው የጀመሩት። የአካባቢያችን የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት በማጣሪያ ያለፈ ውሃ ይዘው መጡ። ጨዉን ገንዳው ውስጥ አልነሰነሱትም፤ ለብቻው በጥብጠው፣ በፓምፕ ሲዞር አድሮ፣ የጨዉን መጠን በሚለካው ሪፍራክቶሜትር 1.025 መሆኑን አይተው ነው የገለበጡት። ሙቀቱን 25 ዲግሪ ላይ አደረጉት። «የሚተነው ውሃው ነው፣ ጨዉ እዚያው ይቀራል። ሲጎድል ጨው የሌለበት የተጣራ ውሃ ጨምሪ» አሉኝ። ይህን ባይነግሩኝ በየሳምንቱ የጨው ውሃ እየጨመርኩበት ሌላ ጥፋት አጠፋ ነበር።

ከራሳቸው የቆየ ገንዳ ጭብጥ የምታህል ድንጋይ በባልዲ ይዘው መጥተው ነበር። «እርሾ ናት» ብለው ከደረቁ ድንጋዮች መሀል አስቀመጧት። ባክቴሪያው እሷ ላይ ነው ያለው። የሚበላው እንዲያገኝ ደግሞ አሞኒያ ከጠርሙስ ጨምረው 2 ፒፒኤም (በሊትር 2 ሚሊ ግራም ገደማ) አደረሱት። ዓሣ የለ፣ የሚሰቃይ የለ።

በ12ኛው ቀን አሞኒያው ዜሮ ሆነ። በደስታ ደወልኩ፤ ዓሣ አምጡልን አልኩ። «ናይትራይቱስ?» አሉኝ። ለካንስ በናይትራይት መመርመሪያው ውሃው ገና ሐምራዊ ነው። ሰማያዊ እስኪሆን እንድንቆይ ነገሩኝ። ያን ቀን ዓሣ ቢያመጡልኝ ሳልከራከር እከፍላቸው ነበር። በ5ኛው ሳምንት ድንጋዩ ሁሉ ቡናማ ነገር ለበሰ፤ ደንግጬ ደወልኩ። ዳያተም የሚባል አልጌ ነው፣ አዲስ ገንዳ ላይ የተለመደ ነው፣ ራሱ ይጠፋል አሉኝ። ጠፋም። ለአንዱም ስልክ አላስከፈሉኝም።

በ38ኛው ቀን፣ ከዋዜማው የጨመሩት አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ አለቀ፤ ናይትራይቱም ዜሮ። ናይትሬቱ ስለበዛ የውሃውን ግማሽ ቀየሩ። ከዚያ ሁለት ክላውንፊሽ አመጡ። በቀጭን ቱቦ የገንዳውን ውሃ ወደ ዓሣዎቹ ባልዲ ለአንድ ሰዓት ጠብ ጠብ እያደረጉ አለማመዷቸው። ልጄ ከአጠገባቸው አልተነሳችም። ይኸው አምስት ወር ሆናቸው፣ ሁለቱም ደህና ናቸው።

አንድ ጊዜ ለሚመጡበት 90 ዶላር ነው የከፈልኳቸው። በገዙልን ዕቃ ላይ ሳንቲም አልጨመሩም፣ ደረሰኙን አሳይተውኛል። ቴክስት አይመልሱም፤ መደወል ነው። እሑድ ጠዋት አይገኙም። በሳምንት ውስጥ ዓሣ ይግባልኝ የምትሉ ከሆነ ግን አትደውሉላቸው፤ እሺ አይሏችሁም።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ፈቃዳቸውን ጠይቄያለሁ።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ልጅዎ አሁንም በየቅዳሜው ጠብታውን ራሷ ነው የምትቆጥረው።